በጸበሉ ጠርሙስ የሞላሁት እሬት

ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ «ዶክተር መጣች» ሲባል ዞር ብዬ የምስቀው እኔ ነበርኩ። ዛሬ ያቺን ቃል በቀልድ እንኳ ስሰማ ፊቴ ይቃጠላል። ዶክተር አይደለሁም። ስሜ ሰናይት ነው፤ አሜሪካ፣ ኦሃዮ፣ ኦቤትስ በምትባል ከተማ ካሉት መጋዘኖች በአንዱ ዕቃ የማሽግ፣ አርባን የተሻገርኩ ሴት ነኝ። ከሁለት ዓመት በፊት በሁዳዴ ጾም የሠራሁትን ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ጀምሬ ብዙ ጊዜ አቋርጫለሁ። ታሪኩን በየትኛውም በኩል ባገላብጠው እኔን ደህና ሰው አድርጎ የሚያሳይ ገጽ አጥቼበታለሁ። እንዳለ ልንገራችሁ።

በመጀመሪያ እትዬ ጌጤን እወቁልኝ። ዲቪ ደርሶኝ ኮሎምበስ ስገባ ኤርፖርት ቆመው የተቀበሉኝ እሳቸው ናቸው። ዘመዴ አይደሉም። የአክስቴ ጎረቤት ስልካቸውን ሰጥታኝ ደወልኩላቸው፤ «መቼ ነው የምትገቢው?» ብቻ ነበር ጥያቄያቸው። ከከተማው ዳር ጋሃና በሚባል ሰፈር ባለው ቤታቸው፣ ቤዝመንቱ ውስጥ አንድ ዓመት ከአራት ወር ኖርኩ። እሳቸው በሱዳን በኩል በስደት የመጡ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ኤርፖርቱን ያጸዱ፣ ባላቸውን ቀብረው አንድ ልጃቸውን ራሄልን ለቁም ነገር ያበቁ ሴት ናቸው። መኪና መንዳት ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው፣ በረዶ ላይ ፍሬን እንዳልረግጥ እየጮኹብኝ። የራሴን አፓርታማ ይዤ ስወጣ ቁልፋቸውን ልመልስ ብል «ያንቺ ነው፣ ያዢው» ብለው እጄን ዘጉት።

አሁን ደግሞ ስለ ዳየቱ። ሥራ ቦታ ቆሞ መዋል፣ ቤት ሲገቡ ያገኙትን መብላት፤ ኪሎዬ ጨመረ። አንድ ቀን ስልኬ ላይ አንዲት ሴት በቪዲዮ የምታስተምረውን አመጋገብ ጀመርኩ። እንጀራ የለም። ዳቦ የለም፣ ሩዝ የለም፣ ድንች የለም፣ ስኳርማ ስሙ አይነሳም። ሥጋና እንቁላል እንደ ልብ። በአራት ወር ቀሚሶቼ ሁሉ ሰፉኝ። ከዚያ ሁዳዴ ገባ። ጾሜን አልተውም፣ ዳየቴንም አልተውም አልኩ። ሥጋውንና እንቁላሉን ጾሙ ከለከለኝ፣ እንጀራውንና ሽሮውን ዳየቱ ከለከለኝ፤ የቀረኝ ጎመን፣ አቮካዶና ኦቾሎኒ ነበር። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳልቀምስ እውልና ጎመኔን በልቼ እተኛለሁ። ሆዴ ቀጥ አለ። ዘጠኝ ቀን ሙሉ! ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ነገሩ የሚወራ አልነበረም፤ ግን ያለሱ ታሪኩ አይሄድም።

የገላገለኝ እሬት ነው። ከግሮሰሪ በትልቅ ጠርሙስ የሚሸጠውን የእሬት ጭማቂ ገዝቼ ጠጣሁ፤ በሁለተኛው ቀን መንገዱ ተከፈተ። እንዲህ ያለ ደስታ ለማን ይነገራል? እኔ ለሁሉም ነገርኩ። ከቅዳሴ በኋላ ጫማችንን እያደረግን ለአንዷ ስነግር ሦስቱ ጠጋ አሉ። በየቤቱ ስንት የታሰረ ሆድ እንዳለ ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። ጓደኛዬ አስቴር ሞከረችው፣ ተሻላት፣ «ዶክተር» ብላ የሰየመችኝም እሷ ናት። ስሙን ወደድኩት፤ ምን እዋሻለሁ። ሳምንቱን ሙሉ ስሙን የማያውቅ ሱፐርቫይዘር በጣቱ እየጠቆመ ሲያዘው የሚውል ሰው፣ እሁድ እሁድ «ዶክተር» መባል እንዴት እንደሚጣፍጥ ያውቀዋል።

እትዬ ጌጤ ስኳርና ግፊት አለባቸው፤ ለልባቸውም ውሃ የሚያስወጣ ኪኒን ይውጣሉ። ክሊኒክ ሄደው ስኳራቸው ከፍ ብሎ በመገኘቱ ተቆጥተዋቸው ሲመለሱ «እስቲ ያንቺን ዝርዝር ስጪኝ» አሉኝ። ሐኪምዎን ይጠይቁ ማለት ይገባኝ ነበር። በትልልቅ ፊደል ጽፌ ፍሪጃቸው ላይ ለጠፍኩላቸው። የስልሳ ዘጠኝ ዓመት ጿሚ ሴት እንጀራ አስተውኩ ማለት ነው። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ደወሉልኝ።

«ሰናይት፣ ሆዴ እምቢ አለኝ።»

«ስንት ቀን ሆነዎት?»

«መቁጠሩን ትቼዋለሁ። በሽተኞችሽን ስታክሚ እኔን ረሳሽኝ እንዴ?»

«ነገ ከሥራ ስወጣ እመጣለሁ» አልኳቸው፣ እየሳቅኩ። በሽታውን የሰጠኋቸው ራሴ መሆኔ ትዝም አላለኝ።

በማግስቱ ሰኞ ነበር። የሱቁ ጭማቂ አልቆብኛል። ግን መስኮቴ ላይ ትልቅ የእሬት ተክል በማሰሮ አለኝ። የሱቁ የተጣራ ውሃ ነው፣ ዋናው ያለው ቅጠሉ ውስጥ ነው ብዬ አራት ወፋፍራም ቅጠል ቆርጬ ጋሃና ሄድኩ። እትዬ ወጥ ቤታቸው ውስጥ ወንበር ስበው ተቀምጠው ያዩኛል። ቅጠሉን ስሰነጥቀው ከልጣጩ ሥር ቢጫ ፈሳሽ ወጣና ሰሌዳው ላይ ተንጠባጠበ።

«ይሄ ቢጫው ምንድን ነው?» አሉ።

«ኃይሉ እሱ ነው» አልኳቸው።

ኃይሉ እሱ መሆኑን ማን ነገረኝ? ማንም። መራራነቱን ሳሸተው መድኃኒትነቱ በዚያ ልክ መሰለኝ። አንድም ጠብታ እንዳይባክን በቢላ እየጠረግኩ ከነልጣጩ ሎሚ ጨምሬ ፈጨሁት። እትዬ አንዴ በማንኪያ ቀመሱና ፊታቸው ተጨማደደ።

«እናቴ ጡት ያስጣለችኝ በዚህ ነው፤ አንቺ ደግሞ እንጀራ አስጣልሽኝ» አሉ፣ ሁለታችንም ሳቅን።

የምገለብጥበት ሳጣ መደርደሪያው ላይ ታጥቦ የተቀመጠ የጸበል ፕላስቲክ ጠርሙስ አገኘሁ። በሱ ሞልቼ ፍሪጅ ውስጥ፣ ጸበል ካለበት ሌላ ጠርሙስ ጎን አቆምኩት። ከዚያም እንደ ባለሙያ ጣቴን ቀስሬ አዘዝኩ።

«ጠዋት ጠዋት አንድ ሲኒ፣ በባዶ ሆድ። ሰባት ቀን። መሃል ላይ ካቋረጡት ዋጋ የለውም።»

ሰባት ያልኩት ለምን እንደሆነ ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል። ጸበል የምንጠጣው ሰባት ቀን ስለሆነ አፌ ላይ የመጣው ቁጥር እሱ ነበር። እትዬ ደግሞ ሱባዔ የገቡ ያህል ተቀበሉት።

ማክሰኞ ጀመሩ። ረቡዕ ደውለው «ተለቀቀልኝ፣ ተባረኪ» አሉኝ። ሐሙስ «በዛብኝ መሰለኝ፣ መጸዳጃ ቤት አደርኩ» አሉ፤ «እየጠረገ ነው፣ አይፍሩ» አልኳቸው። ዓርብ ባታቸውን እየሸመቀቀ እንደሚይዛቸው፣ እጃቸውም ኃይል እንዳጣ ነገሩኝ። «መርዙ ሲወጣ እንደዚያ ነው» አልኩ። ከቪዲዮው የለቀምኩት ቃል ነው። ያን ሁሉ ቀን ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ውሃ እንኳ በአፋቸው አይዞርም ነበር፤ ያችን የእሬት ሲኒ ብቻ፣ መድኃኒት ናት ብለው፣ እኔም ናት ብዬ።

ቅዳሜ ጠዋት ስልኬ ጠራ። የእትዬ ቁጥር ነው፤ ሳነሳው ግን ትንፋሽ እንጂ ድምፅ የለም። መንገዱን እንዴት እንደነዳሁት አላውቅም። በቁልፌ ከፍቼ ስገባ መጸዳጃ ቤት ወለሉ ላይ ተቀምጠው ጀርባቸውን ገንዳው ላይ አስደግፈዋል። ከንፈራቸው ደርቋል።

«ልቤ ይዘልብኛል» አሉ። ቀጥለውም፣ እንዳልቆጣቸው ነው መሰል፣ «አምስተኛዬን ጠጥቻለሁ» አሉኝ።

አምቡላንስ ልጥራ ብል «ሰፈሩን አታሰብስቢብኝ» ብለው ስለለመኑኝ ደግፌ መኪና ውስጥ አስገባኋቸው። «ቦርሳዬን፣ ጸበሌንም ያዢልኝ» አሉ። ተመልሼ ገብቼ ፍሪጁ በር ላይ የነበሩትን ሁለት ጠርሙሶች አንስቼ ቦርሳው ውስጥ ከተትኩ። ሁለት መሆናቸውን እጄ ያውቃል፤ አእምሮዬ እዚያ አልነበረም።

ሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል ወዲያው ተቀበሉን። ደረታቸው ላይ ሽቦ ለጠፉ፣ ደም ቀዱ። ነርሱ በጎማ የሚገፋ ስክሪን እየነዳ መጣና አማርኛ አስተርጓሚ በመስመር ላይ እንዳለ፣ ይደወል እንደሆነ ጠየቀኝ።

«አያስፈልግም፣ እኔ አለሁ» አልኩት። ኩራትም ነበረበት። ነርሱ ስክሪኑን ወደ ግድግዳው ገፋው።

ዶክተሯ ወጣት ናት፣ ፀጉሯን ወደ ላይ ያሰረች፣ በጥድፊያ መሃል እንኳ ዓይን ዓይንን እያየች የምታወራ። መቼ እንደጀመራቸው ጠየቀች፣ ተረጎምኩ። ስንት ጊዜ ተቅማጥ እንደያዛቸው ጠየቀች፣ ተረጎምኩ። ምን ኪኒን እንደሚወስዱ ጠየቀች፣ ከቦርሳቸው አውጥቼ አሳየኋት። ከዚያም ዶክተሯ እንዲህ አለች፦

«ከነዚህ ሌላ የወሰዱት ነገር አለ? ቅጠላ ቅጠል፣ ሻይ፣ የሆድ ማለስለሻ፣ ማንኛውም ባህላዊ መድኃኒት? ጠይቂልኝ።»

መልሱ «እሬት» መሆኑን አውቃለሁ። ማን ሰጣት ትለኛለች። እኔ እላለሁ። አንቺ ማነሽ ትለኛለች። ማነኝ? ራሄል ትሰማለች፣ ግቢው ይሰማል፣ «ዶክተር እትዬ ጌጤን መረዘች» ይባላል። ደግሞም ቅጠል ነው፣ እስከ ማታ ይወጣላቸዋል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ይህን ሁሉ ያሰብኩት አንድ ትንፋሽ በማይሞላ ጊዜ ነው። ወደ እትዬ ዞሬ በአማርኛ ጠየቅኳቸው፦

«ውሃ ጠምቶዎታል?»

እትዬ ጌጤ ፊቴን አዩት። ረጅም ጊዜ መሰለኝ። ከዚያ ራሳቸውን ቀስ ብለው ነቀነቁና «አይ፣ አልጠማኝም» አሉ።

ዶክተሯ የነቀነቁትን ራስ አይታለች። እኔም «ምንም የለም ትላለች» አልኩ። ጻፈችው።

ደማቸው ውስጥ ፖታሺየም የሚሉት ነገር እጅግ ወርዶ ተገኘ፤ ልብን በልኩ የሚያስመታው እሱ ነው አሉን። በክንዳቸው በጠብታ ሰጧቸው፣ የውሃ ኪኒኑን አቆሙ፣ አልጋም ያዙላቸው። ከሰዓት በኋላ ቁጥሩ ከፍ ሲል እኔም ቀና አልኩ። አየሽ፣ ሳይነገርም ተስተካከለ አልኩ ለራሴ። ቦርሳቸውን አልጋው አጠገብ አስቀምጬ ግንባራቸውን ስሜ ወጣሁ።

እሁድ ቅዳሴ ቀረሁ። አስቴር ስትደውል አላነሳሁም። ሥራ ቦታ ሰው ጎድሎ ነበርና ልግባ ብዬ ገባሁ፣ ካርቶን ሳሽግ ዋልኩ፤ ካርቶን አይጠይቅም። በዕረፍቴ ሰዓት ራሄል ከሲንሲናቲ ነድታ መድረሷን በስልክ ነገረችኝ። እዚህ ያደገች ልጅ ናት፤ አማርኛ ትሰማለች፣ መልስ ስትሰጥ ግን እንግሊዝኛው ይቀድማታል። ያን ዕለት ግን ለኔ ብላ በአማርኛ ታግላ ነው ያወራችው።

«ሰኒ፣ አንቺ ባትደርሺ እማዬ ትሞት ነበር። ታንክ ዩ። ሪሊ፣ ታንክ ዩ።»

ስልኩን ዘግቼ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። አልቅሼ ወጥቼ ግን ካርቶኔን ቀጠልኩ። ያን ጊዜ መልሼ ደውዬ እውነቱን ብናገር ኖሮ ሰኞ የሆነው ባልሆነ ነበር።

ሰኞ ከሥራ ቀርቼ ማለዳ ሆስፒታል ስደርስ የእትዬ ክፍል በሰው ተሞልቷል። የልባቸው ምት ሲዛባ ማሽኑ እየጮኸ ነበር። ሌላ፣ በዕድሜ ገፋ ያለ ዶክተር ለራሄል ያስረዳታል። ፖታሺየሙ ቅዳሜ ተስተካክሎ፣ እሁድ ወርዶ፣ ዛሬ ደግሞ ይብሱን አሽቆልቁሏል። የሚሰጧቸው ሁሉ የት እየሄደ እንደሆነ አልገባቸውም። ተቅማጡም አልቆመም። ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ሊወስዷቸው ነው፤ ምናልባትም ሆዳቸውን በካሜራ ማየት ሊያስፈልግ ነው። ልባቸው እንዲህ ከቀጠለ ሊቆም እንደሚችል ሳይሸፋፍን ነገራት። ራሄል ስታየኝ መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ።

ሐኪሞቹ ሊዘጋጁ ወጥተው፣ ራሄልም ስልክ ልታወራ ኮሪደሩ ላይ ስትቆም እትዬ በጣታቸው ጠሩኝ። ጆሮዬን አስጠጋሁ።

«ዛሬ ጨረስኩት» አሉኝ በሹክሹክታ። «ሰባተኛዬ ነው።»

«ምኑን?»

በዓይናቸው የአልጋውን ጠረጴዛ አሳዩኝ። ሁለቱ የጸበል ጠርሙሶች ጎን ለጎን ቆመዋል። አንደኛው ግማሽ ድረስ ንጹሕ ውሃ አለው። ሁለተኛው ባዶ ነው፤ ታቹ ላይ ቢጫ አረንጓዴ ዝቃጭ ቀርቷል።

«ነርሷ አንዴ አይታኝ ነበር» አሉ፣ የጀግንነት ሥራ እንደሠራ ሰው ፈገግ ብለው። «ራሄል ሆሊ ወተር ነው አለቻት፣ እሷም እንደዚያ መስሏት ነው፣ ተዉኝ። አላቋረጥኩብሽም።»

አላቋረጥኩብሽም! እሳቸው በአንድ ክንዳቸው ሆስፒታሉ የሚሰጠውን እየተቀበሉ በሌላው እጃቸው የኔን ሲጠጡ ነበር። ቦርሳው ውስጥ የከተትኩት እኔ ነኝ። ይተዉት ያላልኳቸውም እኔ ነኝ፤ ይተዉት ለማለት ስለ እሬቱ ማውራት ነበረብኝ፣ ስለ እሬቱ ማውራት ደግሞ ስለ ውሸቴ ማውራት ነው፣ ስለዚህ ግንባራቸውን ስሜ ወጣሁ። ጠርሙሱን አንስቼ በሩ ጋ ሄድኩ። ለአንድ አፍታ፣ ይህንንም ልናገር፣ ወደ ቆሻሻ መጣያው አየሁ። ብጥለው ማንም አያውቅም። እትዬም ጨርሰውታልና ከዚህ በኋላ አይጠጡም። ያን ያህል ክፉ ሰው መሆን እንደምችል ከዚያ በፊት አላውቅም ነበር። ማሽኑ እንደገና ሲጮኽ ነው የባነንኩት።

«ዶክተር!» ብዬ ኮሪደሩ ላይ ጮኽኩ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ራሴን አስደነገጠኝ።

ሽማግሌው ዶክተር ሲመጣ ነርሷም ራሄልም ተከትለውት ገቡ። «የምነግራችሁ አለኝ» አልኩ በእንግሊዝኛ፤ «መጀመሪያ ግን አስተርጓሚውን ደውሉ። እሳቸውም በአማርኛ መስማት አለባቸው፣ በኔ አፍ ግን አይሆንም።» ነርሷ ግራ ተጋብታ አየችኝ፣ ሆኖም ስልኩን ደውላ ድምፁን ከፍ አድርጋ አልጋው ላይ አስቀመጠችው። አንድ ጎልማሳ ወንድ ድምፅ ራሱን በቁጥር አስተዋወቀ፣ እትዬንም «እንደምን አደሩ እናቴ» አላቸው።

ጠርሙሱን ለዶክተሩ ዘረጋሁለት። በእንግሊዝኛ ተናገርኩ፣ አጭር አጭር አድርጌ። አስተርጓሚዎች የሰውን ቃል እንደ ራሳቸው አድርገው ነው የሚያስተላልፉት፤ ያንን አላሰብኩበትም ነበር። ያ የማላውቀው ሰው በተረጋጋ አማርኛ እንዲህ አለ፦

«ይህ እሬት ነው። አዘጋጅቼ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። ሰባት ቀን ሳያቋርጡ እንዲጠጡ ያዘዝኳቸውም እኔ ነኝ። ቅዳሜ ዶክተሯ ሌላ መድኃኒት ወስደው እንደሆነ ስትጠይቅ አልተረጎምኩም። ውሃ ጠምቶዎታል ብዬ ጠየቅኳቸው። ዋሽቻለሁ።»

የራሴ ኃጢአት በሌላ ሰው ድምፅ፣ በአፍ መፍቻዬ፣ ያለ አንዳች ማስተባበያ ተመልሶ ሲነገረኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ራሄልን ቀና ብዬ አላየኋትም። ዶክተሩ ግን አልጮኸብኝም። «ስለነገርሽን እናመሰግናለን። ስንት ቅጠል ነበር? ከነልጣጩ? ቢጫው ፈሳሽም?» እያለ ጠየቀኝ፤ መለስኩ፣ ነርሷ ጻፈች። ቢጫው ከባድ አስቀማጭ እንደሆነ፣ ፖታሺየምን ከሰውነት ጠርጎ እንደሚያወጣ፣ ልብ ለታመመና የውሃ ኪኒን ለሚወስድ ሰው ደግሞ አደጋው እጥፍ እንደሆነ፣ የሱቁ ጭማቂ ተጣርቶ የሚወጣለትም ያ ቢጫ እንደሆነ አስረዳ። ኃይሉ እሱ ነው ያልኩት ማለት ነው። ቢጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር።

እትዬ ጌጤ እስከዚያ ሲያዳምጡ ቆይተው በስልኩ ሳይሆን በቀጥታ ለኔ ተናገሩ።

«አውቄያለሁኮ የኔ ልጅ።»

«ምን?»

«ክሊኒክ በሄድኩ ቁጥር የሚጠይቁኝን ጥያቄ አጣዋለሁ እንዴ? እንግሊዝኛው ባይገባኝ እሱ ይገባኛል። አንቺ ሌላ ስትጠይቂኝ ጊዜ፣ እነዚህ ማወቅ የለባቸውም ማለት ነው አልኩ። አንቺ የምታደርጊውን ታውቂያለሽ ብዬ ነው። እነሱ እንዳያዩት ተደብቄ የጠጣሁትም ለዚህ ነው።»

ስልኩ ውስጥ ያለው ሰው ቃሉን ሳያጎድል ወደ እንግሊዝኛ መለሰው፤ ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ሰማ።

ራሄል ወደ በሩ ጠቆመች። «ጌት አውት» አለችኝ፣ ድምፅዋን ሳታሰማ ማለት ይቻላል። እትዬ «ተያት» ሲሉ ሰምቻለሁ፤ እኔ ግን ወጣሁ።

እትዬ ጌጤ ተረፉ። ምክንያቱ ሲታወቅ መፍትሔውም ቀለለ፤ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ሁለት ቀን ቆይተው፣ ልባቸው ተስተካክሎ፣ ለሆሳዕና ዋዜማ ቤታቸው ገቡ። እኔ ሄጄ አልጠየቅኳቸውም፤ በየቀኑ መኪናዬን አስነስቼ መንገዱ አጋማሽ ላይ እመለስ ነበር። ቁልፉን በፖስታ ላኩላቸው። ከትንሣኤ በኋላ ባለው እሁድ ሴቶቹን ጫማ ማውለቂያው ጋ ሰብስቤ ሁሉንም ነገርኳቸው። አስቴር «እኔስ ጠጥቼ ምንም አልሆንኩም፣ አትጨናነቂ» አለችኝ። ይህች ማጽናኛ ይበልጥ አንገበገበችኝ፤ በሌላ ሰው ልብ ላይ ዕጣ ስጥል እንደነበር ነው የነገረችኝ። መስኮቴ ላይ ያለውን ተክል ግን አልጣልኩትም። እሱ ምን አደረገ?

ይህን የምታነቡ፣ በተለይ እንደኔ የእናታችሁን፣ የአባታችሁን ወይም የጎረቤታችሁን አፍ ይዛችሁ ሐኪም ፊት የምትቆሙ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። እሬት አትጠጡ ልላችሁ አይደለም፤ ያንን ሐኪም ጠይቁ፣ እኔ ማንንም ከማዘዝ ወጥቻለሁ። የምለምናችሁ ይህን ነው፦ በዚያች ወንበር ላይ ስትቀመጡ የተቀመጣችሁበት የሰው ነፍስ ነው። ስለ ራሳችሁ የሚያሳፍር ነገር የመጣ ቀን ወንበሩን ለሌላ ልቀቁ። እኔን ያጠፋኝ የእሬቱን ነገር አለማወቄ ብቻ መስሎኝ ብዙ ወር ራሴን አታለልኩ። አለማወቄን የሚያርም ሐኪም ፊቴ ቆሞ ጠይቆኝ ነበር። ሰው ደግሞ ካመናችሁ ውሸታችሁን ሳይቀር ያምነዋል፤ እትዬ ውሸቴን እንደ ትእዛዝ ተቀብለው ሁለት ቀን ጠጥተውታል።

በመስከረም ስልኬ ጠራ።

«ማክሰኞ ቀጠሮ አለኝ» አሉ እትዬ ጌጤ፣ ትናንት እንደተለያየን ሁሉ። «ራሄል ሥራ አለባት። መጥተሽ ውሰጂኝ። አስተርጓሚ በስልክ ነው፣ ያንን ካላደረጋችሁ አይሆንም ብላለች።»

«እኔ... እሺ፣ እትዬ።»

«ቁልፉንም በፖስታ መላክ ምንድን ነው? አሳፈርሽኝ።»

ማክሰኞ ወሰድኳቸው። ክሊኒኩ ውስጥ ግድግዳው ጋ ያለውን ወንበር ይዤ አፌን ዘጋሁ። ስልኩ ላይ አንዲት ሴት ትተረጉማለች። ስለ ስኳሩ ጠየቁ፣ ስለ እንቅልፋቸው ጠየቁ። ከዚያ ያ ጥያቄ መጣ፣ በጥርት ያለ አማርኛ፦ «ከታዘዘልዎ ሌላ የሚወስዱት ባህላዊ መድኃኒት አለ?»

እትዬ ወደኔ አልዞሩም። «የለም» አሉ። ሐኪሙ ሊጽፍ እጁን ሲያነሳ እሳቸው ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ። እኚህ ሴት በስደትም በሥራም በኖሩበት ዘመን ሁሉ የለም ካሉ የለም ነው፣ ተጨማሪ ቃል አስፈልጓቸው አያውቅም ነበር።

«እውነቴን ነው፣ ንገሪልኝ» አሉ።